አህያና የይቅርታው ድንጋይ

«ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» የምትሉኝ ጨዋ ሰዎች ሆናችሁ ሳለ ስለ አህያ በማውራቴ አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ።

ዝንጀሮ በጠብ መሐል የአህያን ጆሮ ነክሶ ቆረጠ። በማግስቱ፣ እንደ በዳይ ደንብ፣ ድንጋይ ተሸክሞ አህያ ደጅ ላይ ወደቀ። «አያ አህዮ፣ ስለ ክርስቶስ ብለህ ማረኝ!»

አህያ ጸሎተኛ ነበር። ብቻ አባታችን ሆይን ሲደግም «በደላችንን ይቅር በለን» ካለ በኋላ ያለውን እያሳለ ያልፈዋል። «ጆሮዬን ስትመልስ እምርሃለሁ» አለው።

ዝንጀሮ አልቅሶ ድንጋዩን አስቀምጦ ሄደ። አህያ ግን በደሉ እንዳይረሳ ብሎ ድንጋዩን በጀርባው አስጫነ። ለፋሲካ እንስሳቱ ሁሉ ወንዝ ተሻግረው ለምለም ሳር ሲግጡ፣ እሱ ሸክሙ እንዳያሰጥመው ፈርቶ በየዓመቱ ከወዲህ ቀረ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ያው ዝንጀሮ፣ አርጅቶ ነገሩን ሁሉ ረስቶ፣ በዚያ አለፈ።

«አይ ወንድሜን! ምነው ድንጋይ መሸከምህ? ማንን በድለህ ነው? ተበዳዩን ንገረኝና ሄጄ ላማልድህ።»

አህያ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው። ሲንፈራፈር ድንጋዩ ተንከባሎ ወደቀ። የዚያን ዓመት ፋሲካን ከወንዙ ማዶ ዋለ።

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግሩ፤ በተለይ ጸሎት ላይ ሳል ለሚነሣበት ሰው።