የአላፊው ልጆች

በዋልካ አፋፍ ኮሶ የጠጣ ሰው ካለ ከቤቱ ጉበን ላይ ቀይ የኮሶ አበባ ይንጠለጠላል፤ አበባው እስኪወርድ ድረስም ዳኛ ቢሆን፣ ጭቃ ሹም ቢሆን፣ የነፍስ አባትም ቢሆን ያን ደጅ አይረግጥም። የኮሶ እንጨቱ ለበር፣ አበባው ለሆድ መድኃኒት መሆኑን አገር ሁሉ ያውቃል፤ አበባው ቤት ይጠብቃል የሚሉት ግን የዚህ አፋፍ ሰዎች ናቸው። ነገሩ የተጀመረውም፣ እንደሚነገረው፣ አትጠገብ ከምትባል ሴት ቤት ነው።

ባሏ ቢያድግልኝ ማልዶ ገበያ እንደወረደ፣ ታናሽ ወንድሟ ሙጨ እያነከሰ በጓሮ ገባባት። ከገዢው ዘመቻ ሸሽቶ ነበርና ከተያዘ እግሩ እንደሚቆረጥ ታውቃለች። ከጎታው ኋላ ሸሸገችው፤ ወዲያው የፈረስ ኮቴ ብትሰማ ከደጇ ካበበው ኮሶ አንድ ዘለላ ቀንጥሳ ከጉበኑ ሰቀለችና በሩን ተደግፋ ቆመች።

የጭፍሮቹ አለቃ ባሻ ወንድይፍራው፣ «የሸሸ ሰው እንፈልጋለን። ከቤት ማን አለ?» አላት።

«ባሌ ነው፣ ጌታዬ። ኮሶ ጠጥቶ ተኝቷል።»

ኮሶ በጠጣ ሰው ላይ መግባት ያኔም ነውር ነበር። ባሻው፣ «እንግዲያስ እስኪነሣ እንጠብቃለን» ብሎ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ።

አትጠገብ ምን እንዳለች የገባት ይህን ጊዜ ነው ይባላል። ባሏ ማምሻውን በእግሩ እየተራመደ ሲመጣ ምን ይውጣታል? ቀኑን ሙሉ አላረፈችም፤ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ የጠረገችውን ደጅ ደግማ ትጠርጋለች፣ የገበያውን መንገድ ሰረቅ አድርጋ አይታ ቶሎ ዓይኗን ትመልሳለች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቢያድግልኝ አህያውን እየነዳ ብቅ አለ። ጭፍሮቹንና አበባውን፣ ከዚያም የሚስቱን ፊት አየ። አህያዋ ግን ቤቷን ታውቃለችና ወደ ደጁ ዞረች።

«ሂጂ! የሰው ደጅ ነው!» ብሎ በዱላ መለሳት። «ደኅና ዋላችሁ ጌቶቼ? የቤቱ ጌታ ምን ነካው?»

«ኮሶ ጠጥቶ ነው» አለ ባሻው።

«እግዜር ይማረው። ብቻ የኮሶ አበባ ከተሰቀለበት ደጅ የዋለ ሰው የሕመምተኛውን ሕመም ይዞ ይሄዳል ሲሉ አልሰማችሁም?» ብሎ የገዛ ደጁን አልፎ ሄደ።

ጭፍሮቹ ተያዩ፤ አንዱ ሆዱን ያዘ። ባሻውም ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ፈረሱን አስጫነ።

ሙጨ ሲጨልም ወደ ቆላ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም። ቢያድግልኝ ከሩቅ ያዩኛል ብሎ ከማያውቀው ሰው አጥር ሥር አደረ፤ አትጠገብም እስኪነጋ በሩን አልዘጋችም ይላሉ።

የዚያ ቤት ትውልድ ዛሬ «የአላፊው ልጆች» ይባላል። ኮሶ በሚያብብበት ወራት ከእነርሱ አንዱ ከገበያ ሲመለስ የራሱን ደጅ ጥቂት አልፎ ይሄድና ዞሮ ይገባል። ሚስቱም እስኪዞር ድረስ ከበሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።