የጽጌረዳ ማኅበርተኞችና የአህይት በርኖስ

አንድ ጊዜ ጅብና አህያ አንድ ማኅበር ይጠጡ ነበር። አትሳቁ፤ ጽጌረዳ የማታስታርቀው የለም።

ማኅበርተኞቹ አራት ነበሩ። እመት አህይት የምትመጣው ከደጋው አናት፣ ውርጭ ጆሮ ከሚቆርጥበት አገር ነው። አያ ቀበሮ ከወይና ደጋው፣ አያ ጅቦ ደግሞ ድንጋዩ እግር ከሚጠብስበት ቆላ ነው። ሰብሳቢያቸው፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ጌታው አንበሳ ነበር። የአንበሳ ጽጌረዳ ከተተከለች ጀምሮ አንዲት እንቡጥ አሳይታ አታውቅም፤ ማኅበርተኞቹ ግን ተራው በደረሰ ቁጥር «ቅጠሏ ራሱ አበባ ነው እኮ ጌታው!» ይሉታል። ምን ያድርጉ፣ ጥርሱን እያዩት!

በየወሩ ባለተራው ዘንድ ወጥተው ወይ ወርደው አበባውን ያያሉ፣ የሚተከል ቁራጭ ይለዋወጣሉ፣ ሲያወሩ ይውላሉ። አያ ጅቦ ለጽጌረዳዎቹ ሥር የሚሆን የደቀቀ አጥንት ይዞ ይመጣል። «ከጅብ አፍ አጥንት ሲተርፍ ያየነው በጽጌረዳ ምክንያት ነው» ይላል ቀበሮ። እመት አህይት መዋጮዋን ይዛ አትመጣም፤ እዚያው እንደ ቆመች ጅራቷን ቀና አድርጋ ታወጣለች። ለትኩሱ ፍግ የማይሻማ የለም፤ ጌታው አንበሳም ቢሆን።

ሕጋቸው አጭር ነው። ማኅበርተኛ ማኅበርተኛን አይበላም። የባልንጀራውን ጽጌረዳ ሆን ብሎ የገደለ ግን ከማኅበር ይወጣል፤ ከማኅበር የወጣ ደግሞ ሥጋ ነው።

በእመት አህይት ተራ ደጋ ወጥተው ጽጌረዳዋን ሲያዩ አያ ጅቦ ቅናት አቃጠለው። ቀይ፣ ድርብርብ፣ የሚያሳብድ አበባ ነበር።

«አንቺ አህይት፣ ምን አብልተሻት ነው?»

«ያበላኋት ሳይሆን ያልበላኋት ነው» አለች። እውነቷን ነው። አህያ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ደጅ ላይ ማሳደር ቀላል አይደለም፤ ምላሷን ነክሳ ነው የምታድረው።

«ቀልዱን ተይና ምሥጢሩን ንገሪኝ።»

«ምን ምሥጢር አለው አያ ጅቦ? ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ እቅፍ የገብስ ገለባ አለብሳታለሁ፤ በቃ።»

አልደበቀችውም። የጅቦ አገር ግን ምን ይመስላል ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም ጠይቂኝ አላላትም። «አንድ እቅፍ እንዲህ ካሳመራት ክምሩስ?» ብሎ አሰበና፣ ሲሄድ ያገኘውን ገለባ ሁሉ ጠራርጎ ተሸክሞ ወረደ።

ኅዳር ላይ የጅቦ ተራ ደረሰ። እመት አህይት ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ውርጩ መሬቱን አመድ አስመስሎት ስለነበር፣ ጥቁር የሱፍ በርኖሷን ደርባ ቁልቁል ወረደች። ቆላ ስትደርስ ቀትር ሆኗል። አያ ጅቦ ሰላምታዋን አልመለሰም። ዐይኑ ግን በርኖሷ ላይ ተተክሏል። እሷም ከጅብ ፊት የወለቀ ነገር አይመለስም ብላ እንደ ለበሰችው ቀረች።

ጅቦ የገለባውን ክምር በእግሩ ገለበጠው። ከውስጡ እንፋሎት ወጣ፤ ምስጥ ተርመሰመሰ። ጽጌረዳዪቱ ጠቁራ፣ ተበልታ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ አክላለች።

«እዩልኝ!» ጮኸ ጅቦ። «ያለችኝን አደረግሁ፤ ገደለችብኝ! ይቺ ገዳይ ከማኅበር ትውጣልኝ። ከየት በኩል እንደምጀምራት እኔ አውቃለሁ።»

«ሆን ብዬ አይደለም፤ ጽጌረዳዬን ይንሳኝ!» አለች እመት አህይት።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። የጅብ ማዕድ ፍርፋሪ እንደማያጣ ያውቃል። «እኔ እንኳ ለእመት አህይት ሟች ነኝ፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ያንቺዋ በገለባ አብባ የሱ በገለባ እንዴት ሞተች? ይህን መልሺልን።»

«መልሺ» አለ አንበሳ። «መልስ ከሌለሽ ማኅበሩም የለሽም።»

እመት አህይት ወደ ክምሩ ጠጋ ብላ አሸተተችው። ላቧ ከጆሮዋ ሥር ተነሥቶ በአፍንጫዋ ይንጠባጠብ ጀመር። ጀርባዋ እሳት የተጫነ መሰላት። ፍርሃት እንዲህ ያቃጥላል እንዴ? ጠዋት በብርድ ስትንቀጠቀጥ አልነበር? ኧረ ፍርሃቱ አይደለም፤ በርኖሱ ነው!

ቀስ ብላ አወለቀችው።

«አያ ጅቦ፣ ከሞትኩ አይቀር በርኖሴን አወርስሃለሁ። ብቻ አንድ ነገር፤ የመጨረሻ ቃሌን እስክጨርስ ድረስ እንዳታወልቀው።»

«ከነሥጋሽ ነው?»

«ሥጋዬ የት ይሄዳል?»

«በሰው አገር ቁርበት ብቻ ነበር የሚነጠፍለት፤ ዛሬስ በርኖስ ደረበ!» አለ ቀበሮ። ጅቦ ግን አልሰማውም፤ በርኖሱን ለብሶ እስከ አንገቱ ጥርቅም አድርጎ ቋጥሮታል።

እመት አህይት ጀመረች። «ጽጌረዳዬን የሰጡኝ አክስቴ ናቸው። አክስቴ ደግሞ የሚወለዱት ከ...»

«አሳጥሪው!» አለ ጅቦ። ምላሱ ወጥቷል።

«ምን ቸኮልክ? ገና አክስቴ አልተዳሩም።»

አክስት ተዳሩ። ከባላቸው ተጣሉ። የታረቁት በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌዎቹም በየተራ ተናገሩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች። ጅቦ መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ ተቀምጦ፣ በኋላ ተዘርሮ ያለከልክ ጀመር።

«አውልቁልኝ! ኧረ ተቀቀልኩ! ልሞት ነው!» ቋጠሮው ግን እምቢ አለው።

እመት አህይት አጠገቡ ሄዳ ጎንበስ አለች። «እኔ አገር ጠዋት ያለዚህ ልብስ የወጣ ደርቆ ይቀራል። የጽጌረዳዬ በርኖስ ገለባው ነው። ያንተዋም ከክምሩ ሥር ሆና እንዲሁ ‹አውልቁልኝ› ስትል ነበር፤ አፍ ስለሌላት አልሰማሃትም። የኔ ጥፋት አገርህ እንዴት ነው ብዬ አለመጠየቄ ነው።»

ይህን ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችለት።

«እኔማ ከመጀመሪያውም ነገሩ የአየር ጉዳይ ነው ብዬ ነበር» አለ ቀበሮ። ሲል የሰማው የለም።

አንበሳ ፈረደ። «አህይት ትኖራለች። ከዛሬ ጀምሮ ምክር የሚሰጥ ሁሉ መጀመሪያ የባለጽጌረዳውን አገር ይጠይቅ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እሷ ተጠጋ። «እንግዲያው የእኔን አገር ጠይቂኝና ንገሪኝ። የእኔዋ ለምንድነው የማታብበው?»

ቀበሮ ሰማይ ሰማዩን አየ። እመት አህይት ግን ያን ቀን አንዴ ከሞት ተርፋለች፤ ድፍረቱ ገና አልለቀቃትም።

«አገርዎስ ደህና ነው፤ ጌታው። ብቻ ሌላው ውሃ ነው የሚያጠጣት።»

«እኔስ?»

«እርስዎ በየማለዳው እግርዎን አንሥተው ድንበር የሚያስከብሩት እሷ ላይ ነው።»

አንበሳ ጎፈሩን አከከ፤ አሁንም አከከ። «ታዲያ አጠገቧ ወዳለው ቁልቋል ልዛወር እንዴ?»

በዓመቱ የአንበሳ ጽጌረዳ አበበች፤ ቁልቋሉ ግን ደረቀ። አያ ጅቦም ከእመት አህይት የተቀበለውን ቁራጭ ግራር ጥላ ሥር፣ ያለ ገለባ፣ ተክሎ አበባ አየ። ማኅበርተኞቹ ሊያዩለት ሲወርዱ ግን ግንዱ ብቻ ቆሟል። «ለመቅመስ ያህል ነው» አለ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአንዱ ብርድ ልብስ የሆነ ምክር ለሌላው መገነዣ ሊሆን ስለሚችል፣ «እንዲህ አድርግ» ከማለታችን በፊት «ያንተ አገር ፀሐዩ እንዴት ነው?» ብለን መጠየቅ እንደሚገባን ነው።