ቀዋምና ቃሚ

ይህን ያጫወተችኝ ቆላ ተድራ የኖረችው ጎረቤቴ ተኪያ ናት። ተኪያ ባየችውና በሰማችው ላይ አትጨምርም፤ ብትጨምርም ለጨው ያህል ነው።

እዚያ ጎረቤቷ የሆነ አንድ የግመል ነጋዴ ነበረ፤ ስሙ ይማም። የጭነት መኪና መንገዱን ሳይወስድበት በፊት ጨው ጭኖ ሲገባ አገር ወጥቶ ይቀበለው ነበር። መኪናው ሲመጣ ግመሎቹ አንድ በአንድ ተሸጡ፤ ይማምም ፍራሽ ላይ ወደቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሰው ስሙ የተጠራበት ሥራ ሲሄድበት እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ከምሳ በኋላ ጓደኞቹ እነኑሩ ይመጣሉ፣ ጫቱ ይዘረጋል፣ ያቺ አንድ ክፍል ቤት በወንድ ትሞላለች።

ሚስቱ ሉባባ ስፌት ታውቃለች። የገበያው ልብስ ሰፊዎች ወንዶች ብቻ ስለሆኑ ሴቶቹ ወገባቸውንና ደረታቸውን ለባዕድ ወንድ ማስለካት ያፍራሉ። "ሉባባ፣ አንቺው ስፊልን" ይሏታል። ጨርቃቸውን ይዘው እቤት ሲመጡ ግን ደጁ ላይ የወንድ ጫማ ተደርድሮ ያዩና ይመለሳሉ። እሷም አንድ ቀን፣ "ይማሜ፣ እዚህማ መላወሻ የለኝም። የስፌት መኪናዬን ይዤ ገበያው በረንዳ ላይ ልቀመጥ" አለችው።

ኑሩ እፍራሹ ላይ ተጋድሞ ሳቀ። "በል ይማም፣ ቀሚስ ትስፋልህ! እሷ ትነግዳለች፣ አንተ ትሽኮረመማለህ።"

የይማም ደም ፈላ። "ወላሂ፣ ለሥራ ብለሽ እግርሽ ይህን ደፍ ከተሻገረ ተፈትተሻል!" አለ፤ ያውም በምስክር ፊት።

እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ የፍቺ ቃል በቀልድም ቢወጣ ይይዛል።

ቤቱ እየደረቀ ሄደ። አንድ ሐሙስ ዕለት ሉባባ ባሏን እንዲህ አለችው፦ "ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እወጣለሁ። አንተን ጠልቼ አይደለም። ልጆቼ የሰው ጓሮ ጢስ እያሸተቱ አያድጉም። መሐላው ያንተ ነው፣ አንተው እወቅበት።"

ይማም ይወዳታል። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ነው። የቀኙን ጫማ በግራ አድርጎ ሸህ ጦይብ ዘንድ ሮጠ። "ሸሆቼ፣ ቤቴ ሊፈርስብኝ ነው!" ብሎ ሁሉንም ነገራቸው።

"ለመሆኑ ለምን ከለከልካት?" አሉት።

"እኔ ቀዋም አይደለሁም እንዴ ሸሆቼ? ቁርኣኑ ወንዶች በሴቶች ላይ ቀዋም ናቸው ይል የለ? የበላይ ነኝ።"

"በዐረብኛ 'ቃመ' ማለት ቆመ ማለት ነው፤ ቀዋም ማለትም ለቤተሰቡ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው። አንተ በአማርኛው ቃምክና ቀዋም የሆንክ መሰለህ!"

ሸሁ ራሳቸው ለዱዓ ሲሆን አንድ ሁለት እንጨት ጫት አይጠሉም ይባላል። እሱን እንኳ ልተወው።

ይማም አቀረቀረ። "ወንድ እንዳያይብኝ ብዬ ነው" አለ።

"ወንዱን ጎትተህ ከጓዳዋ ያስገባኸው አንተ! ደግሞ አንተን ብሎ ግመል ነጂ። የእናታችንን የኸዲጃን ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም አገር የነገዱት ማን ነበሩ?"

"ነቢያችን፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም።"

"ለሴት ነገድኩ ብለው አፈሩ?"

ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እስቲ ቃልህን ድገምልኝ። ስትምል በልብህ ምን ነበረ?"

"'እግርሽ ደፉን ከተሻገረ' ነው ያልኩት። ልፈታትማ መች አሰብኩ! እግሯ ሲወጣ ብቻ ነው የታየኝ።"

"እንግዲያው እግሯ አይሻገር። ተሸክመህ አውጣት።"

"ሸሆቼ! ሰው እያየ?"

"ስትምል ሰው አላየህም? ሥራ በሄደች ቁጥር ትሸከማታለህ። ለአፍህ መቀጫ ይሁንህ።"

ቅዳሜ ጠዋት ይማም ሉባባን ታቅፎ ከደፉ አወጣት። ጎረቤቱ በየአጥሩ ቀዳዳ ዐይኑን ተክሏል። እሷ በሻሿ ፊቷን ሸፍና ትንቀጠቀጣለች፤ ትሳቅ ታልቅስ ተኪያ አልለየችውም። ኑሩ ከመንገድ ማዶ፣ "ይማም! ግመሎችህን ሸጠህ ራስህ ግመል ሆንክ?" ብሎ ጮኸ።

"ሐላል ሚስቴን ነው የጫንኩት! አንተን ምን ከበደህ?" አለው ይማም።

ሴቶቹ እልል አሉ።

እሷን አድርሶ ተመልሶ መጋደም ግን አልሆነለትም። አንዴ ቆሟላ! ውኃ ቀዳ፣ ልጆቹን አጠበ፣ ወጡን እያሳረረ ለመደ። ባለቤቱ ቆሞ የሚውልበት ቤት ለቃሚ አይመችምና እነኑሩም ፍራሽ ፍለጋ ሌላ ቤት ሄዱ። ሴቶቹ ያለ ሐፍረት በሴት እጅ እየተለኩ ለበሱ። በኋላ ሉባባ ስታረግዝ ይማም ከነሆዷ ተሸከማት፤ የሰፈሩ ሴቶችም ማታ ማታ ባሎቻቸውን በክፉ ዐይን ያዩ ጀመር።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ሴት ትውጣ ወንድ ይቀመጥ አይደለም። የቤት የበላይ ነኝ ያለ ከሸክሙ ሥር ይግባ ነው። ትዳር በደፍ አይጠበቅም፤ ለሌላው በቆመ ሰው ነው የሚጠበቀው። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ እናንተ ቤት የቆመው ማን ነው?

ሉባባ የራሷን ሱቅ ከፈተች። ይማም የከብት ደላላ ሆነ። ሸህ ጦይብ ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ኑሩ ሚስቱን ገበያ እንኳ አላስወጣም ብሎ ኖረ፤ አሁን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች።