ሁለተኛዋ ጉርሻ

ከተማችን ውስጥ አዲስ ሰው መጥቶ ያገኘውን ሁሉ እየጨበጠ ስሙን ሲናገር ያዩ ሽማግሌዎች ፈገግ ይሉና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። እንግዳው ነገሩ አይገባውም፤ አይፈረድበትምም። አባባሏ የተወለደችው ሠርግ ቤት ነው፤ ያን ሠርግ ያልበላ ከየት ያውቃታል? እኔ ግን በልቻለሁና ልንገራችሁ።

ዘርጋው የሚባል ልብስ ሰፊ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የስፌት መኪናውን አስቀመጠ። እጁ ወርቅ ነው። ግን የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ቁልፍ የሚያስተክል እንኳ ጠፋ። ጥር ገብቶ ከተማው ሁሉ ለሠርግ ልብስ ሲያሰፋ፣ እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ ዝንብ እሽ ይላል። በመጨረሻ ቆረጠ፤ ሰኞ መኪናውን ጭኖ ወደ አጎቱ እርሻ ሊመለስ ነው። እርሻ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ነፍሱ የሚጠላው ሥራ ነው።

አከራዩ ጋሽ ድልነሳው ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

“ሥራ እኮ ከመርፌ አይመጣም፣ ከሰው ነው የሚመጣው! ቅዳሜ የአቶ ወልደየስ ልጅ ታገባለች፤ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። ከሰው ተዋወቅ፤ ብላ፣ አጉርስ።”

“ሳልጠራ፣ ጋሼ?”

“እኔ ተጠርቻለሁ አይደል? ና አልኩህ!”

ምክሩ ደግ ነበር። ዘርጋው ግን ምክር ሲሰጡት እስኪቀደድ የሚለጥጥ ሰው ነው። ዳሱ ውስጥ ገና እንደገባ እጁን ታጠበና ከትሪ ወደ ትሪ መዞር ጀመረ። ጠቅልሎ ያጎርሳል፤ “ዘርጋው እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ” ይላል፤ ሰውየው አላምጦ ስሙን ሳይነግረው ወደሚቀጥለው ያልፋል።

“ኧረ ወንድም፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል! ድገመኝ እንጂ!” ይሉታል ከኋላው።

“መጣሁ፣ መጣሁ!”

አልመጣም። እኔም ከጎረሱት አንዱ ነኝ፤ ይኸው ሁለተኛዋን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው። አጠገቤ የነበረው ሾፌር “የሙሽራው ዘመድ መሰለኝ” አለ። “ኧረ አሳላፊ ነው” አለ ሌላው። ስለ መርፌና ክር ያነሣ አልነበረም።

እትዬ አስካለ ዘንድ ሲደርስ ግን ሩጫው አበቃ። እትዬ አስካለ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ሲስቁ ገበያው ከዳር እስከ ዳር ይሰማቸዋል። የመጀመሪያዋን ጎረሱና፣ ሊሄድ ሲል የኮቱን ጫፍ ጨምድደው ያዙት።

“ወዴት ነው? አንድ አጉርሰህ ልትጣላኝ ነው የመጣኸው?”

“እትዬ፣ ገና ያልተዋወቅኋቸው ሰዎች አሉ...”

“ከእኔስ ተዋውቀሃል? እስቲ ስሜ ማነው?”

ዘርጋው አፈረና ተቀመጠ። ደገማቸው፤ ሦስተኛም አከለላቸው። እሳቸውም የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስፌት ማን እንዳስተማረው፣ እስካሁን ለምን እንዳላገባ ሁሉ ጠየቁት። እያወራቸው የያዙትን የኮት ጫፍ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ “ይህን አንተ ነህ የሰፋኸው? የውስጡ ከውጪው ያምራል እኮ!” አሉ። ዘርጋው ወደ ከተማችን ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ደስ ብሎት አያውቅም። ሰኞንም ረሳት።

ይሄኔ ሙሽሮቹ ጉልበት ለመሳም ተነሡ። ሙሽራው ግዙፍ፣ ሱሪው ጠባብ። ወደ አማቱ ወደ አቶ ወልደየስ ጉልበት ጎንበስ ሲል ሱሪው ከኋላ ጨርር ብሎ ተቀደደ። እልልታው ቀጥ አለ። ሚዜዎቹ ዘለው ከበቡት። ሙሽራው አማቱ ጉልበት ላይ እንደተደፋ ቀረ፤ ቀና ቢል ጉድ ነው።

“ልብስ ሰፊ! ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ልብስ ሰፊ ይጥፋ?” አሉ አቶ ወልደየስ እየጮኹ።

ጉርሻውን የበላነው ሁሉ ተያየን። አንዳችንም ትዝ አላለንም። ዘርጋው ራሱ እንዳይናገር፣ እትዬ አስካለ ገና ያን ጊዜ ብድራቸውን ሲመልሱ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ አጉርሰውታል። ዓይኑ ፈጧል፣ እጁ ይወራጫል፣ ድምፅ ግን የለም።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ።

“አለ እንጂ! ዘርጋው አለ፣ የኔ ልጅ! ይህን የመሰለ ሰፊ አጠገቤ ተቀምጦማ ሙሽራዬ ራቁቱን አይቀርም!”

ዘርጋው እያላመጠ ሮጠ። ከኮቱ ገበር ላይ የሰካትን መርፌ መዘዘ፤ ሚዜዎቹ በጋቢ ጋረዱለት። ሲጨርስ ሙሽራው ቀና ብሎ፣ ፈራ ተባ እያለ እንደገና ጎንበስ አለ። ትንፋሻችንን ዋጥን። ስፌቱ ያዘ! እልልታው ዳሱን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው። ሙሽራው ከደስታው ብዛት ያገኘውን ጉልበት ሁሉ ሳመ፤ የእኔን የእኩያውን ሳይቀር።

ሰኞ ዕለት የስፌት መኪናዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እትዬ አስካለ ገበያውን በሙሉ ከኋላቸው አስከትለው መጡ፤ በሩ ላይ ጨርቅ የያዘ ሰው ተሰለፈ፤ ዘርጋው ሜትሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ይስቃል፣ ይለካል። ጋሽ ድልነሳው ይህን ለማየት ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል።

“ግን ጋሼ፣ ያን ሁሉ ሰው አጉርሼ እንዴት አንድ እንኳ የሚያስታውሰኝ ይጥፋ?” አላቸው።

ጋሽ ድልነሳው ሰልፉን አዩ፤ ከፊት የቆሙትን እትዬ አስካለን አዩ፤ ከት ብለው ሳቁና፣ ሳቁ ሲያባራላቸው፣ “ልጄ፣ መቶ ከማጉረስ አንዱን መድገም!” አሉት።