ጡሩምባው ያጠረበት ምሽት

ሞቆት የተቀመጠ ሰው የመንገደኛን ጥሪ እንደ ጫጫታ ሲቆጥረው፣ ሽማግሌዎች የሚተርቱበት አንድ ተረት አለ። ተረቱም ከሜዳ የተለቀመ አይደለም።

በአንድ ገደል አፋፍ ላይ የጦር ሰፈር ነበር። ክረምት ሲገባ ጉሙ አመሻሽ ላይ ከገደሉ ይወጣና መንገዱን ይውጠዋል። ስለዚህ ጡሩምባ ነፊው ሸዋንግዛው ጀምበር ስትጠልቅ በሩ ላይ ቆሞ፣ ለእንጨትም ለሣርም የወጣው ሁሉ እስኪመለስ ይነፋል። የመጨረሻው ሰው ደርሶ «ገባሁ» ሲለው ያቆማል።

የሰፈሩ አለቃ የቀኛዝማች ይርዳው ወጣት ሚስት አስካለ ደግሞ የሚጠባ ልጅ ነበራት። ልጁ ዓይኑን ከደን ሲያደርግ ጡሩምባው ይቀሰቅሰዋል። አንድ ቀን ምርር ብሏት፣ «ጌታዬ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ለማን ነው የሚያስጮኸው? አንዴ ነፍቶ አይበቃውም?» አለቻቸው። ቀኛዝማችም እምቢ ማለት አልሆነላቸውምና አንዴ ብቻ እንዲነፋ አዘዙ። ቤቱም ሰላም ሆነ።

አንድ ቀን ቀኛዝማች ከቁልቁለቱ በታች ያለውን ኬላ ሊጎበኙ ወርደው ሳይመለሱ መሸ። ጉሙ ወጣ። ጡሩምባው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ልጁ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ አስካለ ግን ዝምታውን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ያስቆመችው ራሷ ናት። ልጁን አዝላ ወደ በሩ ሮጠች።

«ንፋ» አለችው ሸዋንግዛውን።

«እሜቴ፣ የቀኛዝማች ትእዛዝ ነው። ይገርፉኛል።»

«የሚገርፉህ ሲገቡ አይደል? ንፋና ይግቡ፤ ከዚያ ይግረፉህ።»

ሸዋንግዛው ነፋ፣ ደግሞም ነፋ። ልጁ ጀርባዋ ላይ እሪ አለ። አንድ ወታደር ጋቢውን እንደተከናነበ ወጥቶ፣ «ተኝተናል እኮ! ይኼ ሁሉ ለማን ነው?» እያለ ያጉረመርም ጀመር። አስካለ እንባዋን ጠረገች።

ብዙ ቆይቶ፣ ቀኛዝማች በቅሏቸውን እየሳቡ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ብቅ አሉ።

«ገባሁ» አሉ በደከመ ድምፅ። «ወደ ሰፈር የምመጣ መስሎኝ ወደ ገደሉ ስሄድ ነበር። ድምፁ ከኋላዬ መጣና መለሰኝ።»

ሽማግሌው በረኛ ባሻ አጥናፉ በሩን ዘግተው ሲያበቁ፣ ጋቢ ወደ ተከናነበው ወታደር ዞር ብለው እንዲህ አሉት፦ «የማታ ጡሩምባ፣ ለተኛ ሳይሆን ላልገባ።»