ከቧንቧው ግርጌ የተቀዳ ጋዝ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ ነው፤ ከራሱ ጥላ በቀር ማንንም አያምንም፤ እሱንም ቢሆን አንዳንዴ ዞር እያለ ያየዋል። ልጄ፣ «ሚስቴን ልፍታት ወይስ ልታገሥ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ይህ ሰው የጠርሙስ ፋብሪካ ነበረው። ምድጃው የሚነደው በጋዝ ነው፤ ጋዙም ከሩቅ በብረት ቧንቧ ይመጣለታል። ከማዶ ሆኖ ጋዙን አጥርቶና አድርቆ የሚልክለት አንድ ወዳጁ ነበር። ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ባለጠጋውም የወዳጁን ልጅ ክርስትና አንሥቷል።

አንድ ቀን ባለጠጋው «ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» አለና የጋዙን ንጽሕና የሚለካ መሣሪያ ገዛ። የሚተክልለት ባለሙያም አስጠራ። ባለሙያው ቧንቧውን ዞሮ አየና፣ «ጌታዬ፣ ከላይ እንበሳዋለን። መቅጃውን ዘንግ እስከ መካከሉ እናስገባለን። ከዘንጉ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ አጭር መሆን አለበት፤ ስለዚህ መሣሪያው እዚሁ ቧንቧው አጠገብ ይቀመጥ» አለው።

ባለጠጋው ዐይኑን አጠበበ። ለምን ከላይ? ለምን እስከ መካከል? ለምንስ ከቢሮዬ ርቆ? ይህ ሰው ከወዳጄ ጋር መክሯል፤ ጥሩ ጥሩውን እየቀዳ ሊያሳየኝ ነው አለ በልቡ።

«የለም፤ ተንኮል ካለ የሚገኘው ከታች ነው። ከግርጌው ብሳ! መሣሪያውም ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን፤ ከዐይኔ እንዳይርቅ» አለ። ባለሙያው ተከራክሮ ተከራክሮ ሲደክመው እንደታዘዘው አደረገ። ቱቦው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መሐሉ ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቦ፣ ቢሮ ገባ።

በማግስቱ መሣሪያው «ውሃ አለበት» አለ። በሦስተኛውም ቀን ያንኑ አለ። ባለጠጋው አዘነ ብለህ እንዳታስብ፤ ደስ አለው እንጂ። ጠርጣራ ሰው የጠረጠረው ሲደርስ ደስ ይለዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ወዳጁን አስጠርቶ በሠራተኞቹ ፊት «አታላይ!» አለው።

ወዳጁ፣ «ወንድሜ፣ እስኪ መጥተህ ማድረቂያዬን በዐይንህ ተመልከት፤ ከዚያ በኋላ ፍረድብኝ» ብሎ ለመነው።

«የማየውን አይቻለሁ» አለና አባረረው።

ሌላ ጋዝ አጣሪ አመጣ። መሣሪያው «ውሃ አለበት» አለ። ሦስተኛ አመጣ፤ አሁንም ያው። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ያደመበት መሰለው። ሲቸግረው ያንኑ ባለሙያ መልሶ አስጠራ።

ባለሙያው አጥሩ ዘንድ ሄደና ቱቦውን በረገበበት ቦታ ላይ ፈታው። ጥቁር ውሃ እየተንጠባጠበ አንድ ብርጭቆ ሞላ። «ጌታዬ፣ በቧንቧው ግርጌ የዓመታት ዝቃጭ ይተኛል። እርስዎ የቀዱት እሱን ነው፤ ቱቦዎ ደግሞ አቆረው። ጋዙ የሚያልፈው በመካከል ነው» አለ። ከዚያም ዘንጉን ከላይ እስከ መካከል አስገባ፤ መሣሪያውን ከቧንቧው አጠገብ አስቀመጠ። መሣሪያው «ንጹሕ» አለ።

ባለጠጋው በዚያው ቀን ወደ ወዳጁ ቤት ሮጠ። ማድረቂያው እንደ ድሮው በደንብ ይሠራ ነበር። ወዳጁ ደጁ ላይ ቆሞ፣ «ቂም አልያዝኩብህም፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ልጄን ክርስትና ያነሣህልኝ አንተ፣ መጥተህ እይ ስልህ እግርህን አላነሣህም። አሁን መምጣትህ ምን ያደርግልኛል?» አለው፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋ።

እንግዲህ ልጄ፣ ስለ ሚስትህ የነገርከኝን ሁሉ አስተውዬ ሰምቻለሁ። ጎረቤት ለዘበኛው ነገረ፤ ዘበኛው ለእህትህ፤ እህትህ ለአንተ። ቱቦህ ረጅም ነው፤ በየመሐሉም ረግቧል። የቀዳኸውም ከግርጌ፣ ከማይወዷት ሰዎች አፍ ነው። ለመሆኑ እሷን ራሷን ጠይቀሃታል? ታዲያ አንገትህን ምን አስደፋህ? ያ ሰው መሣሪያው ተስተካክሎለታል፤ ከወዳጁ ጋር ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ነው። ተነሥና ቤትህ ግባ፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ ጠይቃት። «ልፍታት ወይ?» ብለህ እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔም ከቤትህ አጥር ውጭ ነኝ።