ሁለቱ ዜሮዎች

አንድ የፊዚክስ መምህር ነበረ። ፊዚክስን ቤተ ክርስቲያን ምን አመጣው አትበሉኝ፣ ታገሡኝ።

ለተማሪዎቹ እንዲህ ይላቸዋል፦ «አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጆች ይገፋፋሉ። እናቀራርባቸው ካላችሁ ትለፋላችሁ፤ ልፋታችሁም በመካከላቸው እምቅ ኃይል ሆኖ ይቀመጣል። ስንት ነው? ሁለቱን ቻርጆችና ቋሚ ቁጥሩን አባዙ፣ በርቀታቸው አካፍሉ። እየተራራቁ ማለቂያ ወደሌለው ርቀት ሲሄዱ ኃይሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል።»

ይህ ሰው ደምሰው የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ሁለቱም እልኸኛ! በአባታቸው ተዝካር ቀን በአንድ ክፉ ቃል ተጣሉና መምህሩ አገር ለቅቆ ሄደ።

እናታቸው በስልክ ታለቅሳለች። «ልጄ፣ ከወንድምህ ታረቅልኝ። በአንድ መሶብ ሳላያችሁ ልሙት?»

«ኧረ እማዬ! እኛ እኮ ጠብ የለንም» ይላታል።

ጠብ የለንም! አስልቶታላ! ርቀቱ በዛ፣ ጠቡ ዜሮ ሆነ፣ ዜሮውን ሰላም ብሎ ጠራው። መቅረብማ ልፋት አለው። ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ መውደቅ አለ። ማን ይልፋ?

አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ደምሰው በድንገት አርፏል።

መምህሩ ደርሶ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ተደፋ። ይኸው ተቀራረቡ! በመካከላቸው ጣውላ ብቻ ቀረ። የሚገፋው ግን የለም። ከሁለቱ ቻርጆች አንዱ ባዶ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ብታቀርቡት ብዜቱ ዜሮ ነው። ይህንንም ሲያስተምር ኖሯል።

«ጋሼ! ኧረ ስደበኝ! ስደበኝ እንጂ ጋሼ!» እያለ ጮኸ።

እናቱ አላቀፈችውም። «አሁን ጠብ የላችሁም፣ ልጄ» አለችው።

በኋላ ተጽናና እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ? አልተጽናናም።

እናንተስ ምእመናን? «ከእገሌ ጋር ምንም የለኝም» እያላችሁ የምታስቀድሱ! እውነት ምንም የላችሁም? ወይስ እሱን ስታዩ መንገድ ትቀይራላችሁ? ሰርጉን ሰምታችሁ እንዳልሰማ ሰው ትሆናላችሁ? እግዚአብሔር ታረቁ አለን እንጂ ተራራቁ አለን?

ወንድሙ በሕይወት ያለ ዛሬውኑ ይሂድ። ይልፋ፣ ይዋረድ፣ ቢሰድበውም ተመስገን ይበል።

ሳይታረቅ የቀበረስ? እዚህ መካከላችን አለ፤ አንገቱን ሲደፋ እያየሁት ነው። ለእሱ የምለው ቃል ፈለግሁ፣ አጣሁ። አብሬው ከማልቀስ በቀር ምንም የለኝም።